የሰሌዳው ተራ

የልጅ ልጃቸው ሰሌዳው ፊት ቆማ የምትለው ቢጠፋትስ፣ ማን ይደርስላታል? አያቷ ጭንቀቱን ስላልቻሉት ለሒሳብ መምህርቷ ደወሉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገውታል።

«የኔ ልጅ፣ በሞቴ ዛሬ እንዳታስወጪያት። ሒሳብ ላይ ደካማ ናት፤ ክፍልፋይ ሲባል ግራ ይገባታል። መሳቂያ ትሆንብኛለች።»

«እማማ፣ ተራውን የጠየቀችው እኮ ራሷ ናት» አለች መምህርቷ። «ተማሪዎቹን የዓመት ግባችሁን ንገሩኝ ስላቸው፣ ‹ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ማስረዳት ነው፤ አያቴ ትችያለሽ ብላኛለች› አለችኝ።»

አያት ቀና ሲሉ ልጅቷ የሹራቧን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቃ በር ላይ ቆማለች። ስልኩን ሊዘጉ ቢነካኩም ጣታቸው ቦታውን ሳተ፤ «እማማ፣ አሉ?» የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ልጅቷ ቀረብ ብላ ስልኩን ዘጋችላቸውና መዳፋቸው ላይ መለሰችላቸው። ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።