የያይኔአበባ ፈጠራ

ድርሰት ሲሉት ቀላል ነገር ይመስላል። ትንሽ እውነት፣ ትንሽ ውሸት፣ አለቀ። ያይኔአበባም እንዲያ መስሏት ነበር። አሁን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ «ያችን ታሪክ የጻፈ እጄ ምነው በተቆረጠ!» ትላለች።

ያይኔአበባ የአማርኛ መምህርት ናት። በበጋው፣ በምታስተምርበት በፍኖተ ሰላም በተዘጋጀ የንባብ ዝግጅት ላይ አንድ አጭር ልቦለድ አነበበች። አንድ ገበሬ የጎረቤቱን የጤፍ ክምር በእሳት ይለኩሳል፤ ተመልሶም ሊያጠፋ ከሰው ሁሉ ቀድሞ እየጮኸ ይደርሳል። አገሩ ያመሰግነዋል። ታሪኩ ምስጋናው ላይ ያልቃል።

ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴትዮ መንገድ ላይ አስቁማ «አንቺ ልጅ፣ ያ ሰውዬሽ እኮ እንቅልፍ ነሳኝ» አለቻት። ያይኔአበባ ደስ አላት። ደራሲ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ለካስ አንዱ ንባቡን በስልኩ ቀድቶት ኖሯል። ድምፁ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ቡሬ ገበያ ገባ፤ ከዚያም የተወለደችበት ቀበሌ ደረሰ። መዘዙ እዚያ ጀመረ።

በዚያ ቀበሌ ካቻምና በታኅሣሥ ላቀው የሚባል የአንድ ገበሬ የጤፍ ክምር ተቃጥሏል። ላቀው የዓመት ቀለቡ አመድ ሆኖበት፣ ልጆቹን ከየዘመዱ በትኖ ነው የከረመ። አውጫጭ ተቀምጦ አገር ምድሩ ቢምልም «አየሁ» የሚል ጠፋ። የከሰል አክሳዮች ፍንጣሪ ይሆናል ተብሎ ታለፈ። ያን ዕለት መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤቱ ሽማግሌው አያ ቢሆነኝ ነበሩ፤ መዳፋቸው እስኪላጥ ከእሳቱ ጋር ታግለዋል። ለላቀው ዘር የሰጡትም፣ በሬያቸውን ያዋሱትም እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ይህን ማንም አይክድም።

ያይኔአበባ ታዲያ ለታሪኳ ሰው መልክ ሲጠፋት የአያ ቢሆነኝን መልክ ሰጠችው። ከመናገሩ በፊት እንደሳቸው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እንደሳቸው ነጭ በቅሎ አለው። ስለምትወዳቸው ነው። የቀረውን ከራሷ ፈጠረች። ክፋት አልነበረባትም፤ አላሰበችም እንጂ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «የእማዋይሽ ልጅ ያላየችውን አትጽፍም» ተባለ። «መጀመሪያ የደረሰው ማን ነበር?» ተባለ። ለአያ ቢሆነኝ ሰላምታ ቀረ። በሰንበቴ ጽዋው ሲዞር እሳቸውን እየዘለለ አለፈ። ጭራሽ ለእሑድ፣ ከእድሩ ሊሰርዟቸው ቀጠሮ ተያዘ። ከእድር የተሰረዘ ቀባሪ የለውም። አያ ቢሆነኝ ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል።

እናቷ እማዋይሽ ይህን ሁሉ በስልክ ነገረቻት።

«እሳቸውስ ምን አሉ፣ እማ?»

«ምን ይላሉ! ‹ልጅቱን እንዳትቆጧት› አሉ። ያን ድምፅ ግን ስልክ የያዘ ልጅ ባገኙ ቁጥር ክፈትልኝ ይላሉ አሉ። እኔንም ‹ሰውዬው መጨረሻው ምን ሆነ?› ብለው ጠየቁኝ።»

«መጨረሻ የለውም እኮ። እዚያው ላይ ነው የሚቆመው።»

«እሱንም ነገርኳቸው። ‹ከባድ ነው› አሉና ሄዱ።»

ያይኔአበባ አለቀሰች። እኒያ ሽማግሌ በራሳቸው ስም መጥፋት ሳይናደዱ ለሷ ሲያዝኑ! ከዚህ በላይ ምን የሚያቃጥል ነገር አለ?

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰዉ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አያ ቢሆነኝ እንደ ወትሮው ከቅጽሩ ውጭ ነው ያስቀደሱት። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ካለ ከረመ፤ ካቻምና ጀምሮ ነው። ደግፈው አምጥተው ከላቀው ፊት ለፊት አስቀመጧቸው።

ያይኔአበባ እንደ አገሩ ወግ ጫማዋን አውልቃ፣ ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ መጣች። እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አያ ቢሆነኝ፣ እኔ ያየሁት የለም። የነገረኝም የለም። ሁሉንም ከራሴ ፈጥሬ ነው። ስምዎን አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ።»

ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ላቀው ተነሣ። «እኔ ነኝ መማር ያለብኝ!» አለ። «ለኔ ብለው እጃቸው የተላጠውን ሰው ያማሁ እኔ! ይማሩኝ፣ አባቴ!»

ቄስ እጅጉ መስቀላቸውን አወጡ። «በሉ እንግዲህ፣ ስምዎ ተመለሰልዎ። ‹ይቅር ለእግዚአብሔር› ይበሉና ድንጋዩን ያውርዱላት።»

አያ ቢሆነኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሰዉ ጠበቀ። ድንጋዩ የያይኔአበባን አንገት ሰበረው። «ኧረ ይማሯት! ልጅዎ አይደለችም ወይ?» አለ አንዱ። «ምን ዓይነት ልብ ነው!» አለች ሌላዋ። ያይኔአበባ ግን አልፈረደችባቸውም። እንዲህ ያለ በደል በቀላሉ አይማርም፤ ይበለኝ አለች በሆዷ።

«ከራስሽ ነው የፈጠርሽው?» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«ከራሴ ነው፣ አያ።»

«ማንም አላየም?»

«ማንም።»

በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከማጅራቷ አነሡላት። ዋርካው ሥር እልልታው ቀለጠ፤ ቄስ እጅጉም «ተመስገን!» አሉ።

አያ ቢሆነኝ ድንጋዩን በገዛ ማጅራታቸው ላይ ጫኑት፤ ወደ ላቀው ዞሩና ተንበረከኩ።