የኪሩቤል ጉንፋን

በዚያ ዘመን ጉንፋን ከማን እንደተጋባ አይደበቅም፤ በየቤቱ በር ላይ የተሰቀለው መርማሪ መሣሪያ ምራቅ ተቀብሎ ስም ይጠራል። ሐመልማል ከሥራ ስትገባ የልጇን ውጤት ነገራት።

"ኪሩቤል ጉንፋን ይዞታል። የተጋባበት ከሞግዚቱ ከእንጉዳይ ነው።"

ልጇ ከእንጉዳይ አንገት ሥር ተወሽቆ ነው የሚውለው ማለት ነው። ቅናቱ እንደ ቃር ጉሮሮዋን አቃጠላት። ምራቋን ሰጠች።

"እርስዎ ጤነኛ ነዎት።"

"ምራቅ ሁሉን አያገኝም! በአፍንጫ መርምረኝ።"

ቀጭኑ ዘንግ አፍንጫዋ ውስጥ ዘልቆ እንባዋን አመጣው።

"ጤነኛ ነዎት።"

"እሰይ እትዬ! እርስዎስ ተረፉልን" አለች እንጉዳይ እያስነጠሰች፣ ከልቧ ደስ ብሏት።

ሐመልማል ግን ኪሩቤል ጠጥቶ የተወውን ወተት ከጠረጴዛው አነሳች፤ የከንፈሩ ምልክት ያለበትን የብርጭቆ ጠርዝ ፈልጋ አፏን ገጠመችበትና አንጠፍጥፋ ጠጣችው።

ከቀናት በኋላ በሩ ላይ ቆማ አስነጠሰች።

"ጉንፋን ይዞዎታል" አለ መርማሪው። "የተጋባብዎት ከልጅዎ ከኪሩቤል ነው።"

ሐመልማል ፊቷ በራ።

"ጮክ ብለህ ድገመው" አለችው፤ "እንጉዳይ አልሰማችም።"