ጽጌ የተደገፈችበት ግድግዳ

ትንሿ ጽጌ ቅቤ የተቀባ ጭንቅላቷን ታስደግፍበት በነበረው ግድግዳ ላይ ጥቁር ወዝ ቀርቷል። ልጅቱ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ እመቤት ግን ያን ወዝ እያየች እህል አልወርድ ብሏታል።

«ክሬም ይሻላል፤ ቤቱን ያፈካዋል» አለ ከይፋግ ደብረ ታቦር ድረስ የመጣው ቀለም ቀቢ ኢልያስ።

«ደመቅ ያለ ሰማያዊ አድርገው ልጄ። ብቻ የሚሸፍን ይሁን።»

ቀብቶ ሲጨርስ ወዙ ጠፋ። እመቤት እፎይ ብላ ደጅ ተቀመጠች።

ኢልያስ ብሩሹን አጥቦ ሲመለስ ከውስጥ ተጣራ።

«እትዬ፣ ልጅዎን ይያዙልኝ እንጂ! ቀለሙ ሳይደርቅ ተደገፈችበት እኮ!»

እመቤት ገባች። ሰማያዊው ላይ ትኩስ ቅቤ ይንጠባጠባል። ልጅ በሦስት ዓመት የምታድገውን ያህል ከድሮው ወዝ ከፍ ብሏል።