እያወቀች የምትስተው

እናትየዋ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፉን በቁርጥማት በተቆለመሙ ጣቶቿ እንደያዘች፣ ጎደሬ የምትልጠውን ልጇን ፋታይን በጎሪጥ አየቻት። የነገውን የእንግሊዝኛ ፈተና ካለፈች ከቶንጋ ወጥታ አውስትራሊያ ነርስነት ትማራለች። ትናንት አንድም ሳትስት የመለሰችውን የእናቷን ጥያቄ ግን ዛሬ ሁሉንም ሳተችው።

«ምን ነካሽ አንቺ?»

«ሕጉ መች ያልቃል፣ እማ! ተምታታብኝ።»

ጎረቤታቸው ሴይኒ በመስኮት ብቅ ብላ ለፈረንጅ እንግዶቿ በእንግሊዝኛ ጽፋ የምትለጥፈውን ማስታወቂያ አነበበች። ፋታይ መላጧን ሳታቆም ስህተቱን አንድ በአንድ ከነምክንያቱ አረመችላት።

«አንቺ እኮ ከፈረንጅ ትብሻለሽ!» ብላ ሴይኒ እየሳቀች ሄደች።

ያኔ ቢላዋው ቆመ።

«አውቀሽ ነው የምትስቺው» አለች እናት።

«ማን ይልጥልሻል ታዲያ?» አለች ልጅቱ አቀርቅራ።

እናት ቢላዋውን ቀማቻትና መጽሐፉን አስታቀፈቻት። «ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

ራሷ መላጥ ጀመረች። ግማሹ ጎደሬ ከልጣጩ ጋር ወደቀ።