ሟች የሌለው ድንኳን

«ነጠላሽን አዘቅዝቂው እንጂ እማዬ» ትለኛለች ሃይሚ፣ አጠገቤ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ። «ለቅሶ ላይ ነን እኮ።»

«አላዘቀዝቅም።» ጥለቱን ወደ ታች ጎትቼ አስተካክላለሁ። «የማን ለቅሶ? የሞተ የለ፣ የታመመ የለ። ሟርት አልወድም።»

ድንኳኑን የተከሉት የእድራችን ሰዎች ናቸው፤ ሐሳቡ ግን የእሷ ነው፣ የልጄ ልጅ። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦ ሥር ያለው ሰፈራችን ዛሬ ይፈርሳል ተብሏል። ክረምቱ እስኪወጣ ብቻ ታገሡን ብለን ያልቆምንበት ደጅ የለም። ተሰብስበን አቤት እንዳንል ስብሰባ ተከልክሏል። ሃይሚ ትናንት «ለቅሶ ግን ማን ይበትናል?» አለች። ይኸው በሐምሌ ዝናብ መንገዱን ዘግተን፣ ሬሳ ሳይወጣ ሐዘንተኛ ሆነን ተቀምጠናል።

ይባስ ብሎ በዕድሜ ትልቅ ነሽ ብለው የዋናዋ ሐዘንተኛ ቦታ ላይ አስቀምጠውኛል። የሃይሚን ሹራብ ጫፍ ይዤ አልለቅም። እናቷ ቤሩት ከሄደች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?

«እትዬ ወርቅአየሁ፣ ኧረ ልጅቷን ይልቀቋት፣ ሹራቧ ተቀደደ» ትላለች ጎረቤቴ ናዲያ ከማዶ። «ይልቅ ትንሽ ያልቅሱ። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ የምውለዋ እንኳ ዛሬ እንባ አጣሁ።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። እኔ ሳቁንም አልወደድኩትም።

ወዲያው የኤክስካቫተሩ ድምፅ ከታች ይሰማል፤ ሳቁ ይቆማል። ከፊቱ ከሚመጣው የፖሊስ ፒካፕ አንድ መኮንን ይወርዳል። ወጣት ነው። ድንኳኑን ሲያይ ባለበት ይቆምና እጁን ወደ ኋላ አንሥቶ ኤክስካቫተሩን ያስቆመዋል። ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ጎንበስ ማለቱን ሳይ ልቤ ትንሽ መለስ ይላል፤ እናት ያሳደገችው ነው።

የእድራችን ዳኛ አባ ወልደ ሐዋርያት ፊት ቆሞ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ አባ» ይላል። «ማን ነው ያረፈው?»

አባ ወልደ ሐዋርያት ቄስ ናቸው፤ አይዋሹም። መሬት መሬት ያያሉ። ሌላውም ጭጭ ነው። ሃይሚ ከጠዋቱ ነግራናለች፦ አንዋሽም፣ አንነሣም፣ ዝም ነው።

መኮንኑ ዝምታችንን ሐዘን አድርጎ ይወስደዋል። ወደ ኋላው ዞሮ «ዛሬስ አይሆንም፣ ይመለሱ» ሲል እሰማዋለሁ። ናዲያ ትንፋሿን ትለቃለች። ከመውጣቱ በፊት ግን፣ ወግ ነውና፣ ወደ እኔ መጥቶ ቁጢጥ ይላል።

«አይዞዎት እማማ። ልጅዎን ነው ያጡት?»

የሹራቧ ጫፍ በእጄ ነው። ሙቀቷ ይሰማኛል። ከለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ እሷ እየሰማች፣ እንዲህ ያለ ቃል።

«ለጠላትም አይስጠው» እላለሁ። «ልጄ ይቺውና፣ ክፉ አይንካብኝ፣ ደህና ናት። ማንም አልሞተም።»

ናዲያ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያኔ ነው ያልኩት የገባኝ።

መኮንኑ ቀስ ብሎ ይነሣል። ኮፍያውን ያደርጋል። ፊቱ ላይ የነበረው ደግነት አብሮ የተከደነ ይመስለኛል።

«ታዲያ ይህን ማን አስተከለ?»

«እኔ ነኝ» ትላለች ሃይሚ።

«ልጅ ናት፣ የኔ ጌታ፣ ልጅ ናት» እላለሁ። ማንም አይሰማኝም።

«ድንኳኑ ይነሣ።»

«ክረምቱ እስኪወጣ አይነሣም» ትለዋለች፣ ሳትጮህ። ከዚያ ጣቶቼን ከሹራቧ ላይ አንድ በአንድ ታላቅቃለች። «አልተቀየምኩሽም፣ እሺ? የደም ግፊት መድኃኒትሽ ቴሌቪዥኑ ሥር ነው። በባዶ ሆድሽ እንዳትውጪው።»

የሚገፋት የለም። በራሷ እግር ሄዳ ፒካፑ ላይ ትወጣለች። ልከተላት እላለሁ፤ ከፍራሹ ሳልነሣ የፒካፑ በር ይዘጋል።

«እናንተም ተነሡ፣ አፍርሱት» ይላል መኮንኑ።

ማንም አይነሣም። ቆመው የነበሩት አባ ወልደ ሐዋርያት ጋቢያቸውን ሰብስበው እርጥቡ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ፒካፑ ቁልቁለቱን ወደ መገናኛ ሲወርድ ናዲያ፣ እንባ አጣሁ ያለችው፣ ደረቷን መምታት ትጀምራለች። ቀጥሎ ከጎኗ ያለችው። ቀጥሎ ድንኳኑ ሁሉ። ኤክስካቫተሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ቆሟል።

ነጠላዬን ከትከሻዬ አወርዳለሁ። ጥለቱን እፈልጋለሁ፤ አይታየኝም። በጣቴ ዳስሼ አገኘውና ወደ ላይ፣ ወደ አንገቴ አዞረዋለሁ።