የመቅኒ እህት

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ መቅኒ የሰጠ ሰው ለተቀባዩ የእናት ልጅ ነው፤ የሰጪው ወንድሞችም እንደዚያው። ጓንጉል ግን የሚስቱ ስቃይ አንጀቱን ሲበላው ሕጉን መች አስታወሰ? ታናሽ ወንድሙን ለምኖ መቅኒ አሰጣት። የገዛ ደሟ ጠላት ሆኖባት ሃያ ዓመት ሲቀረፍ የኖረው የትርንጎ ቆዳ በአዲሱ መቅኒ ደም ዳነ። ሽማግሌዎች መጡና «እንግዲህ እህትና ወንድም ናችሁ» ብለው አልጋቸውን በመጋረጃ ለዩት።

የዳነ ሰው እንዲህ ይከፋዋል? ትርንጎ ለስላሳ ክንዷን ዳበሰችና በመጋረጃው በኩል ተጣራች።

«ጓንጉል፣ ጀርባዬን አሳከከኝ።»

ውሸቷን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ማታ ማታ ጀርባዋን ቫዝሊን የሚቀባት እሱ ነበር። የቫዝሊኑ ዕቃ ክዳን ሲከፈት ሰማች። ጠበቀች። ክዳኑ ተመልሶ ተዘጋ።

«ድነሻል እኮ፣ እህቴ» አላት ከመጋረጃው ማዶ።