ማን አቤት ይበል

አስካለ ከፋብሪካ ስትመለስ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ ይላታል። እንዲያም ሆና ይህችን ሰዓት ትወዳታለች፤ እናቷ ከጎኗ ሽንኩርት እየላጡ እሷ የልጇን አቧራማ እግር ታጥባለች። ደክሟትም ቢሆን «ተመስገን» ትላለች። ቅር የሚላት አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ አያቷን «እማዬ» እያለች፣ እሷን ግን ከአያቷ አፍ እንደሰማችው «አስኩ» ነው የምትላት።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ። እናቷ እሷኑ «እማዬ» ይሏት ጀመር።

«መጣሽ እማዬ? ፊትሽ ገርጥቷል፤ ዛሬም ምሳ ሳትበዪ ነው የዋልሽው!»

«እኔ እኮ አስካለ ነኝ።»

«ታዲያ ማነሽ አልኩሽ? ቁጭ በይ!»

አስካለ ቁጭ ብላ የልጅቷን እግር ማጠብ ያዘች። የሞቱት እናታቸው እየመሰለቻቸው ይሆን? ገና በስድሳ ዓመታቸው እንዲህ ይዘነጋሉ? ጠበል ይሻላል ወይስ ሐኪም ቤት እያለች የልጅቷን እግር አድርቃ አልጋ ላይ አወጣቻት።

«እማዬ፣ ውሃ!» አለች ልጅቷ።

አስካለ እንደ ልማዷ ዝም አለች። እናቷም ዝም አሉ። ልጅቷ ደግማ ተጣራች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ከሽንኩርቱ ሳያነሡ፣

«አቤት በያት እንጂ» አሉ፤ «አንቺን እኮ ነው።»